እስከ ወገብ ድንጋይ

የምንኖርበት ቤት ፊቱ ድንጋይ፣ ሆዱ ጭቃ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ከመሀል ከተማ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ጣሊያን የሠራው አንድ ረጅም መጋዘን ነበር ይባላል፤ ኋላ በመሀሉ እየተከለለ ለስድስት አባወራ ተከፋፈለ። እንግዳ ሰው ከመንገድ ቆሞ ድንጋዩን እያየ ፎቶ ያነሣል። ቤትን ከቤት የሚለየው ግድግዳ እንጨትና ጭቃ መሆኑን፣ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ምንም ክልል ስለሌለ አይጡ የሁላችንም የጋራ መሆኑን ግን ከመንገድ ሆኖ አያየውም። አንዱ ቤት በርበሬ ሲታመስ ሁላችንም እናስነጥሳለን።

እድሳት የሚባል ነገር አይታሰብም። ቆርቆሮው አፈሰሰ ብለህ ቀበሌ ስትሄድ «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ይሉሃል። ቅርስ ወደሚጠብቁት ስትሄድ «የቀበሌ ቤት ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይሉሃል። ስለዚህ ሁሉም በሰንበት ቀን፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ተደብቆ ይጠግናል። የእኛ ቆርቆሮ ደግሞ ጥገና አያልቅለትም፤ ሠርግ በመጣ ቁጥር ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ሲወርድ ማረፊያው እኛ ጣሪያ ላይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተኩሱ የሠርግ ብቻ መሆኑም ቀርቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ፣ እጁን አዘጋጅቶ ነው የሚኖረው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነው ነገር እንዲያ የፈጠነው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ማስተማር ትዕግሥት ይፈልጋል ይላሉ፤ እኔ ያለችኝን ትዕግሥት ክፍል ውስጥ ጨርሼ ነው ወደ ቤት የምመለሰው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። አልጋዋ የብረት ነው፤ ከጎረቤታችን ጋር የሚያዋስነንን ግድግዳ ተጠግቶ ነው የተዘረጋው። ወዲያኛው ጥግ ጣሪያው ያፈሳል፣ በበሩ በኩል ብርድ ይገባል። ያለን አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋው ከዚያ ሌላ መሄጃ የለውም።

ጎረቤታችን ሥጋ ቤት ውስጥ ቆራጭ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፤ ከሥራ ሲመለስ ደም የነካውን ነጭ ጋዋን እንኳ አያወልቅም። ከሚስቱ ጋር የሚኖርበት ቤት የመጨረሻው ሲሆን ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ከቤቶቹ ጀርባ የዝናቡን ውኃ ሰብስቦ ወደ ታች የሚያወርድ ቦይ አለ። ይህ ሰው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ በድንጋይና በአፈር ደፍኖ የበግ በረት ሠራበት። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው መውጫ አጥቶ እኛ ጀርባ ይተኛና ቀስ እያለ በመሠረቱ ሥር ይገባል። የጋራ ግድግዳችን መጀመሪያ ወዛ፣ ቀጥሎ ልስኑ ተላጠ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ ሆዱን ነፋ። የነፋው ወደ እናቴ አልጋ በኩል ነበር።

እጄን ሳሳርፍበት ግድግዳው ቀዝቃዛና ልል ነበር። በጣም ፈራሁ። እናቴ ተኝታ ሳለ ላይዋ ላይ ይወድቃል የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

መጀመሪያ በወጉ ነገርኩት። «ቦዩን ይክፈቱልን፤ ግድግዳው እናቴ ላይ ሊወድቅ ነው» አልኩት።

«ግድግዳው ድሮም ያበጠ ነው» አለኝ። «ይልቅ እማማ ሲስሉ እያደሩ እንቅልፍ ነሡን። ሳላቸው ጆሮዬ ሥር ነው። አልጋቸውን ወደዚያ አንሺልን።»

እሱን «እርስዎ» ማለቴን ያቆምኩት ያን ቀን ነው። የታመመች አሮጊት ሳለች ብሎ የሚከስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ሳል ሲይዛት በዚያ በኩል በቡጢ ግድግዳውን ይደበድባል፤ እኔ ደግሞ ዘነዘና አንሥቼ በዚህ በኩል እመልስለታለሁ። ይወድቃል ብለሽ የምትፈሪውን ግድግዳ በዘነዘና መምታት ምን የሚሉት ብልሃት ነው አትበሉኝ፤ የተናደደ ሰው ብልሃት አይጠየቅም። ጀርባችን የተኛውን ውኃ በባልዲ ቀድቼ በሩ ላይ ደፋሁበት። እሱ ልብስ የማሰጣበትን ገመድ በካራ በጠሰው፤ የእናቴ አንሶላ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከሚስቱ ጋር የጋራው ቧንቧ ላይ ፀጉር ለፀጉር ተያይዘን ሰው ገላገለን፤ ከጆሮዬ ጉትቻዬን ከነሥጋው ነው ያወጣችው። አንድ ቀን ደግሞ በሬ ላይ ቆሞ፣ «ዳግመኛ ያን ዘነዘና ግድግዳዬ ላይ ብታሳርፊ እጅሽን ከክርንሽ እቆርጠዋለሁ» አለኝ። ቆራጭ ነውና ስንት ሰው ሰምቶ ደነገጠ።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ወንድሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወገራ ላይ የሚያርስ ሰው ነው። ወሬውን ሰምቶ ሲጨርስ «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። በማግስቱ ከደባት በመጣ መኪና ወርዶ ገባ፤ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት የወይራ ዱላውን ይዞ።

«ምነው እቴ፣ እስታሁን ዝም አልሽው?» አለኝ ግድግዳውን እየዳሰሰ።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ክንዱን ያዘች። ሰውየውን እንዳይነካው አስማለችው። ወንድሜ ማለ፤ ግን እንደ አገሩ ሰው ቀዳዳ ትቶ ነው የማለው። «እሱ ቀድሞ እጁን ካላነሣ አልነካውም» አለ።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ የሐምሌ መጨረሻ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ወንድሜ ከመንገዱ ማዶ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ነበር። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከቤቱ ጀርባ ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ ወዲያ እደፋለሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር፤ በቀዳሁት ቁጥር ከላይኞቹ ቤቶች የሚወርደው ይተካዋል። በጉን አወጣለሁ፣ በረቱን አፈርሳለሁ፣ ሰውየውንም ካስፈለገ እገድለዋለሁ እያልኩ ብቻዬን እየጮህኩ ነበር።

ብዙ ድምፅ አልነበረውም። እርጥብ ጭቃ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ከባድ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል ከሚሰማው አይበልጥም። ዞሬ ስገባ ግድግዳው ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ተንዶ አልጋው ላይ ተኝቷል። አልጋው አይታይም። በክፍተቱ በኩል የጎረቤታችን ቤት ወለል ብሎ ታየ፤ አልጋቸው፣ ቁም ሣጥናቸው፣ የሠርጋቸው ፎቶ። እናቴ የለችም።

ወደ በሩ ሮጥኩና መንገዱ ላይ ቆሜ ኡኡታዬን አቀለጥኩት።

እኛ ዘንድ ኡኡታ ሲሰማ ምን ሆናችሁ ተብሎ አይጠየቅም። ወንድ የተባለ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል፤ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ስንት ቤት ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ የተረፈው በዚህ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ለማንቂያ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ያንን የሰማ ሌላው ከላይ ሰፈር ተኮሰ። በዚያ ሰሞን በነበረው ሁኔታ ሁለት ጥይት ከተሰማ ማንም ግድግዳ ፈረሰ ብሎ አያስብም። ሰው ዱላም ድንጋይም ይዞ ከየበሩ ወጣ። ከሁሉም ፊት የነበረው ወንድሜ ነው። እኔን አየኝ፤ ጭቃ ለብሻለሁ፣ ቃል አይወጣኝም፣ በእጄ ቤቱን ብቻ አሳየሁት። አልፎኝ ገባ።

እኔ ውጭ ቆሜ ስጮህ ጎረቤታችን በራሱ ቤት በኩል፣ በፈረሰው ግድግዳ ገብቶ ነበር። ከሥራ ገና መመለሱ ነበር፤ ጋዋኑን አላወለቀም። በእጁ አጥንት የሚሰብርበት መጥረቢያ አለ። አልጋው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ መጥረቢያውን ከራሱ በላይ አንሥቷል። ወንድሜ ከበሩ ያየው ይህን ነው። እጅ እቆርጣለሁ ያለ ሰው፣ ደም በነካ ጋዋን፣ እናቱ አልጋ ላይ መጥረቢያ አንሥቶ።

ተከትዬው ስገባ ዱላው አየር ላይ ነበር። «በሕግ አምላክ» አልኩ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እጁን ያወርዳል፤ ተራራ ላይ ሁለት ሰው ብቻውን ሲጣላ እንኳ ይህን ቃል የሰማ ይቆማል። ወንድሜ ግን አልሰማኝም፤ ወይም ዱላው ከእሱ ቀድሞ ሄዷል። የሰውየውን ቀኝ ክርን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። መጥረቢያው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ከኋላ የገቡት ደግሞ በርግጫና በድንጋይ ተረባረቡበት። ሚስቱ በክፍተቱ ዘላ መጥታ ጀርባው ላይ ተጣለች፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቡጢ አፏን መታት፣ ጥርሷ ወለቀ። እኔ አንዱን ሰው ነክሼ፣ ሌላውን በጥፍሬ ቧጥጬ መሀል ልገባ ታገልኩ። ጩኸቱ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር።

ሰውየው አልሸሸም። ሌላ ሰው ቢሆን በገባበት ይወጣ ነበር። እሱ እየተመታ፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ፣ በግራ እጁ አንዲት ቦታ ላይ ያለውን ጭቃ ይቧጥጣል። አንድ ሰው ጀርባውን በድንጋይ ሲመታው እንኳ ከዚያች ቦታ አልተነሣም፤ በደረቱ ሸፈናት። ከዚያ ከሥሩ የእናቴ ፊት ወጣ። አፏ ውስጥ ጭቃ ነበር። በጣቱ አወጣላት። ሳለች።

ሳሏ ሲሰማ ሁሉም ቀጥ አለ። እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ከሰውየው ራስ በላይ ዱላ ያነሣውን ልጇን ነው።

«ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ» አለችው።

ወንድሜ ዱላውን ለቀቀው። እኔ አነሣሁት። እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም፤ ወንድሜን በራሱ ዱላ ጀርባው ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ያገኘሁት ቦታ ላይ እስኪደክመኝ መታሁት። አልተከላከለም። ሰው የያዘኝ ቆይቶ ነው።

ሁለቱን በአንድ ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። መሽቷል፤ ዝናቡ አላቆመም። እናቴ ጭኔ ላይ ተኝታ ትስላለች፣ ሰውየው አጠገቧ ተቀምጦ የተሰበረ ክንዱን በግራው አቅፎ ጥርሱን ያፋጫል። መንገዱ ላይ በቆመው ኬላ የተኩሱን ነገር ሰምተው አስቆሙን። ታጣቂው ባትሪውን ፊታችን ላይ ሲያበራ ጭቃና ደም ብቻ ስላየ አሳለፈን።

እናቴ የእግሯ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር እንጂ ሌላው ደህና ነበር። ግድግዳው ሲወድቅ አንድ የወጋግራ እንጨት ከአልጋው ብረት ጋር ተጋድሞ ከራሷ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ትቶላት ኖሯል። ሰውየው በመጥረቢያ ሲቆርጥ የነበረው እግሯን የያዘውን እንጨት ነው፤ አንድ ክንድ ወደ ራሷ ጠጋ ብሎ ቢመታ ኖሮ ያ ወጋግራ ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር። ክንዱ በጀሶ ታሽጎ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠየቅሁት። ጭቃው ሁሉን ሸፍኖ ሳለ ራሷ በየት በኩል እንዳለ በምን አወቅህ አልኩት።

ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁት ሁሉ አየኝ። «ስንት ክረምት ጆሮዬ ሥር ሲስሉ አላደሩም?» አለኝ። «ከእኔ ትራስ ትይዩ ነው ራሳቸው።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ክርኑ ተፈጭቷል፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ቢላ የሚያነሣ እጅ አይሆንም አለ። ይህን የሰሙ ወንድሞቹ ከጃናሞራ ጠመንጃ ይዘው መጡ። በራችን ላይ ቆመው የወንድሜን ስም እየጠሩ ውጣ አሉት። ወንድሜ ሊወጣ ተነሣ፤ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ። አንደኛው በንዴት ጣሪያችን ላይ ተኮሰ፤ ጭቃው በተነሣለት ባዶ አልጋ ላይ የቆርቆሮ ዝገት ወረደ። የመለሷቸው የሰፈር ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ናቸው፤ ቄሱ መስቀሉን ከአፈሙዙ ፊት ዘርግቶ ቆመ።

እርቁ የተደረገው ክፍተቱ እንዳለ፣ ግማሹ ሽማግሌ እኛ ቤት፣ ግማሹ እነሱ ቤት ተቀምጦ ነው። ወንድሜ በወጉ መሠረት ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ በክፍተቱ ገባ። የተሸከመው ከመሠረቱ የወጣ ከባድ ድንጋይ ነበር። ተበዳይ ድንጋዩን ካላወረደለት አይነሣም። ሰውየው ከተቀመጠበት አየው። የወንድሜ እግር መንቀጥቀጥ ሲጀምርም አላወረደለትም። ሽማግሌዎቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ከዚያ ተነሣና በግራ እጁ በጥፊ አጮለው፤ ድምፁ ስድስቱም ቤት ተሰማ። ደግሞ በዚያው እጁ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አወረደለት።

«ካሳ አልፈልግም» አለ። «ግድግዳውን እሱ ይሥራ። በገዛ እጁ። ቦዩን ደግሞ እኔ እከፍታለሁ።»

ወንድሜ ቀና አለ። «አያ፣ ሸጋ አርጌ ሙሉውን በድንጋይ ነው የምሠራልዎ» አለ። «ዳግመኛ ውኃ አይበግረውም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩ እስከ ወገብ ይሁን። ከዚያ በላይ ጭቃ።»

«ምነው አያ? ድንጋዩ አይሻልም?»

«ድንጋይ ከሆነ እማማን አልሰማቸውም» አለ።

ሥራው ሲሠራ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ወንድሜን ሲያዝዘውና ሲሰድበው ሰነበተ። ድንጋዩ ወገብ ላይ ሲደርስ ማገሩ መታሰር ተጀመረ። ያኔ ያንን ዱላ አምጣ አለው። ወንድሜ የወይራ ዱላውን አመጣ። ከማገሩ ጋር አብረህ እሰረው አለው፤ አሰረው፣ ጭቃ መረገበት። አሁንም እዚያ ውስጥ አለ፤ ከእናቴ ትራስ ትንሽ ከፍ ብሎ። ወንድሜ ባዶ እጁን ወደ ወገራ ተመለሰ። የመታሽኝን ረስቼልሻለሁ ቢለኝም እኔ ሰውየውን መምታቱን አልረሳሁለትም፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ጎረቤታችን አሁን ሥጋ አይቆርጥም። ሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ በግራ እጁ ሚዛን ይይዛል። በረቱን አፍርሷል፤ ዘንድሮ ውኃው ሳይተኛ ወርዷል። ጠባዩ ግን አልተለወጠም። እናቴ ስትስል ያጉረመርማል፤ «እማማ፣ ዳማከሴ ጠጡበት እንጂ» ይላታል በግድግዳው በኩል። በቡጢ መደብደቡንም አልተወም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ድሮ የሚደበድበው ስትስል ነበር። አሁን የሚደበድበው ሳሏ ሲጠፋ ነው። ማታም ሆነ ቀን ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ካልሳለች በግራ እጁ ግድግዳውን ይመታል፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ደሜ ይፈላና ወደ ዘነዘናው እንደረደራለሁ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና እጄን ትይዘኛለች። ከዚያ እያጉረመረመች ከትራሷ አጠገብ የምታኖረውን ከዘራ ታነሣና ግድግዳውን ትመታለታለች።